ሴንት ሄለና ያደረሰንን ልጅ አመስግኑልኝ

ጎንደር ፒያሳ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ልጅ ምስጋና አለብኝ። ስሙ በአደባባይ እንዲጠራ አልፈለገም፤ "ሥራዬ ነው" ብሎ ሊገላግለኝ ሞከረ። እኔ ግን ዝም ብል ያንቀኛል።

ታናሽ እህቴ ሴንት ሄለና በምትባል አገር ነርስ ናት። ሴንት ሄለና ደቡብ አትላንቲክ መሃል፣ እሳተ ገሞራ የፈጠራት፣ እስከ ዛሬም በእንግሊዝ ሥር ያለች ደሴት ናት። ከአፍሪካ ዳርቻ እንኳ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እህቴ ልትወልድ ስትል እናቴ "አራስ ልጄን በእጄ ገንፎ ሳላጎርስ!" ብላ ተነሳች።

ከዚያ መንከራተት ነው። አንዱ ቢሮ "እንዲህ የሚባል አገር የለም፣ ዱባይ ላስይዛችሁ?" አለን። ሌላው ቀብዱን ተቀብሎ "ነገ ኑ" ሲለን ከረመ። ሌላው ደግሞ ትኬቱን ቆረጠልን፤ ከጆሃንስበርግ ወደ ደሴቷ የሚበረው ቅዳሜ ሆኖ ሳለ እኛን እሁድ ጆሃንስበርግ ሊያደርሰን! ስንነግረው ስልኩን እየነካካ "እዛው ትጠብቃላችሁ" አለ። ሰባ ዓመት ያለፋትን ሴት! ገንዘቡ ተቆራርጦ ተመለሰልን፤ የቀብዱ ነገርማ ይቅር።

ይሄኛው ልጅ ገና ስንገባ ለእናቴ ወንበር ሳበላት። "እማማ፣ ይቀመጡ፤ ቀስ ብለን እናየዋለን" አለ። ቪዛውን፣ የደሴቷን መግቢያ፣ ያለሱ የማያስገቡትን የሕክምና ኢንሹራንስ ሁሉንም ጨረሰው። ለማን ምን እንደጻፈ አልገባኝም፣ አልጠየቅሁትምም።

እናቴን የገዛት ግን ወረቀቱ ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ልጁ በየበረራው የጾም ምግብ ካስያዘ በኋላ "ምናልባት ልጅዎ አጠገብዎ ባይኖር" ብሎ አንዲት ወረቀት አተመላት። በአንድ ፊት አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ፣ ፊደሉ ትልልቅ፦ "ጾመኛ ነኝ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አልበላም። ጉልበቴን ያመኛል፤ ደረጃ ላይ እርዱኝ።" ላሚኔት አድርጎ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት። ሳንቲም አላስከፈለም። እናቴ ከማተቧ ጋር አብራ ይዛው ዞረች፤ ደሴቷ ላይ እህቴ እያለች እንኳ አላወለቀችውም። ጄምስታውን ከተማ ውስጥ ገደሉን ቀጥ ብሎ የሚወጣ 699 ደረጃ አለ፣ "የያዕቆብ መሰላል" ይሉታል። ቀና ብላ አየችውና ምንም ሳትናገር ወረቀቷን አንስታ አሳየችኝ።

ናፖሊዮን በ1815 በግዞት መጥቶ በ1821 የሞተባትን ደሴት ነው የምላችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። መቃብሩንም አየን፤ አጽሙ በ1840 ወደ ፈረንሳይ ስለተወሰደ ባዶ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልመሰጠኝም። ይልቅ የደቡብ አፍሪካው የዙሉ ንጉሥ ዲኑዙሉም በ1890 እዚያ እንደተጋዘ ስሰማ ልዑል አለማየሁ ትዝ አለኝ፤ የጎንደር ሰው ይገባዋል። ጆናታን የሚባለውን ኤሊም አየነው። የተወለደው በ1832 አካባቢ ነው ይባላል፣ ማለትም ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ሳይነግሡ። እናቴ "ዕድሜውን ለልጅ ልጄ ያድርግላት" አለች።

ሩፐርት ሸለቆን ግን እንዳናልፈው ያለን ራሱ ልጁ ነው። እኛ ሳናነብ እሱ አንብቦ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ያስጣላቸውን አፍሪካውያን እዚያ ያወርዳቸው ነበር። ወደ 8,000 የሚሆኑት እዚያው ሞተው ተቀበሩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመችና "አገራቸው ሳይገቡ" አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ አላወራችም።

ስንመለስ ደግሞ የልጁን ብልሃት አየሁ። ደሴቷ ላይ ንፋስና ጉም ካለ አውሮፕላን አያርፍም። እንደ ፈራነውም በረራው ወደ ማግስቱ ዞረ። አብረውን ከነበሩት ስንቱ ቀጣይ በረራው አምልጦት ጆሃንስበርግ ላይ ሲንጫጫ እኛ ረጋ ብለን ተቀመጥን፤ ልጁ ቀድሞ ቀን አስፍቶ ነው የቆረጠልን። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ከጎንደር ደውሎ "እማማ ደህና ናቸው? በሉ?" አለኝ። ትኬቱን ሸጦ ገንዘቡን የተቀበለ ሰው በዚያ ሌሊት ምን አስደወለው? እናቴ ስልኩን ቀምታኝ እስኪበቃት መረቀችው።

ወገኖቼ፣ ዱባይም ሆነ አሜሪካ፣ ልጅ ልትጠይቁም ሆነ ለሕክምና የምትሄዱ፣ ገንዘባችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ እሱን አማክሩት። በተለይ እናት አባት የምትልኩ። የማይሆነውንም "አይሆንም" ብሎ ይነግራችኋል፣ አያለፋችሁም። ቢሮውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እጠቁማለሁ። ስልክ ላይ ትንሽ ሰነፍ ነው፣ ቶሎ አያነሳም፤ በአካል ሂዱ፤ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ከሰዓት ወረፋ አለ።