ስለ «ዱድ» አንድ ምሽት፦ የባሕር ዳር የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት

ባሕር ዳር ውስጥ በሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ የእንግሊዝኛ ንግግር ትምህርትን ለ2 ወር በማታ ተከታትያለሁ። ለመመዝገብ ያነሣሣኝ በአስጎብኚነት ሥራዬ የገጠመኝ ነገር ነው፤ አንድ ወጣት አሜሪካዊ እንግዳ ጀልባ ነጂያችንን «ዱድ!» ብሎ ቢጠራው፣ ሰውየው «ዱዳ» የተባለ መስሎት ዘጌ እስክንደርስ አኩርፎ ሄደ።

ከትምህርቱ ሁሉ የበለጠብኝ ይህችኑ ቃል የተማርንበት ምሽት ነው። መምህሩ ከአጠራሯ ጀመሩ፤ አሜሪካውያን «ዱ»ን ሳብ አድርገው «ዱድ» ሲሉ፣ በእንግሊዞች አጠራር ግን ቀጭን የ«ይ» ድምፅ ጣልቃ ገብታ «ድዩድ» ወደማለት ትጠጋለች። በ1883 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ስትዛመት ትርጉሟ በአለባበሱ ከልክ በላይ የሚጨነቅ ወጣት ነበር፤ ቆይቶ በምዕራብ አሜሪካ ከብት አርቢዎች ዘንድ አገሩን የማያውቅ ከተሜ ማለት ሆነች፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ለጓደኛ መጥሪያ አደረጓት። ዛሬ እንደ ድምፁ አወጣጥ መደነቂያም፣ መገሠጫም፣ ማዘኛም ትሆናለች፤ እኛ አንዲቱን «እንዴ» ስንገረምም ስንቆጣም እንደምንላት ማለት ነው። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ጎንጅና ዋሸራ ባሉበት አገር ላደገ ሰው ኅብረ ቃል (ሰምና ወርቅ በአንድነት የሚይዝ ቃል) እንግዳ አይደለም፤ ይህኛው ግን ምሥጢሩ የሚፈታው በዜማው ነው። መምህሩ ቃሏን በስድስት ዓይነት ድምፅ እያሉ እያንዳንዱን ስሜት ያስገመቱን ጊዜ የከፈልሁት ገንዘብ አላስቆጨኝም።

የታደለን ወረቀት ግን ትርጉሞቹን በተራ ቁጥር ከመደርደር አላለፈም። ከዚያ የከፋው፣ ቃሏ ለማን እንደማትባል አለመነገሩ ነው። ስኮት ኪስሊንግ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልሳን ምሁር በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቃሏ ይበልጡን በወጣት ወንዶች መካከል የምትነገር፣ ቅርበትን ከልክ ሳታሳልፍ የምትገልጽ መሆኗን አሳይተዋል። ይህን ሳላውቅ አንድ ሽበታም እንግዳዬን «ዱድ» ብዬ ጠራሁ፤ እርሳቸው ፈገግ ቢሉም ባለቤታቸው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ጋሼ ሊባል የሚገባውን ሰው «አንተ» እንደማለት መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ለሚቀጥለው ዙር የሚመዘገብ ሰው ቀደም ብሎ ገብቶ የፊት ወንበር ይያዝ፤ ድምፅ ማጉያው ስለሚያንቋርር ከኋላ ሲሰማ ስድስቱም «ዱድ» አንድ ናቸው።