ቁመታችሁን ብቻ ጠይቆ ስኪ ከሚሸጥላችሁ ሰው ተጠንቀቁ

ኦስሎ፣ ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ወገኖች፣ በረዶው ሊጀምር ሲል "ስኪ፣ ጫማና ዱላ በአንድ ዋጋ" የሚል ቅናሽ ይበዛል። ሻጩ ኪሎአችሁን ሳይጠይቅ ክላሲክ ስኪ (ሁለቱ እግር ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ እንደ እርምጃ የሚኬድበት) ካወጣላችሁ አትክፈሉ። ሁለታቸውም 1.75 ሜትር የሆኑ፣ አንዱ 60 ሌላው 85 ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች አንድ ዓይነት ስኪ አይሆናቸውም።

ስኪው መሬት ላይ ሲቀመጥ መሃሉ እንደ ቀስት ጎብጦ ከፍ ይላል። በሁለት እግር ስትንሸራተቱ ያ መሃል በረዶውን መጫን የለበትም። በአንድ እግር ስትረግጡ ግን ተጨፍልቆ በረዶውን መያዝ አለበት፤ ወደ ኋላ እንዳያንሸራትት መያዣ ሰም የሚቀባው፣ ሰም በማይፈልገው ስኪ ላይ ደግሞ የተቀረጸው ቅርፊት ወይም የተለጠፈው ጸጉር ያለውም እዚያው ነው። ለኪሎአችሁ የጠነከረ ስኪ አይጨፈለቅም፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ያንሸራትታችኋል፣ ክንዳችሁም ይዝላል። የለሰለሰው ደግሞ ሜዳ ላይ እንኳ ይጎትታል፣ ሰሙም ቶሎ ተፍቆ ያልቃል። ብዙ ጀማሪ "እኔ ነኝ ያልቻልኩት" ብሎ ይተወዋል፤ ያሳዝናል።

መፈተኛው አንድ ወረቀት ነው። ምንጣፍ በሌለው ደልዳላ ወለል ላይ ሁለቱንም ስኪ አስቀምጡ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ካልተገጠመለት ስኪውን ጣታችሁ ላይ አመዛዝኑትና ሚዛን የጠበቀበትን ነጥብ ምልክት አድርጉ፤ የጫማችሁ ጫፍ እዚያ ላይ ይዋል። ክብደታችሁን ለሁለቱም እኩል አካፍላችሁ ቀጥ በሉ። ወደ ታች አትዩ፤ ካጎነበሳችሁ ክብደቱ ወደ ፊት ሄዶ ውጤቱ ይዛባል። ሌላ ሰው ወረቀቱን ከሥር ያንሸራትት፤ ከተረከዛችሁ ጀምሮ ከጫማችሁ ጫፍ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር እስኪያልፍ ያለ ችግር መሄድ አለበት። በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ ሰም የምትቀቡት በዚያ ክልል ነው። ከዚያ ሙሉ ክብደታችሁን በአንዱ እግር ላይ፣ የውስጥ እግራችሁ የፊት ክፍል ላይ ጣሉ። ወረቀቱ ተቆንጥጦ መቅረት አለበት። አሁንም ከተንሸራተተ ስኪው ጠንክሯል፤ በሁለት እግር ሳላችሁ ከተያዘ ለስልሷል። ከሁለቱ ፈተና አንዱን እንኳ ካላለፈ ቅናሹ የፈለገውን ያህል ቢሆን ይቅርባችሁ።

በተለይ ለልጆች "ያድግበታል" ብላችሁ ረጅም አትግዙ። ልብስ ቢሰፋ እጅጌው ይታጠፋል፤ ስኪ ግን ለከባድ ሰው ከተሠራ ልጁ መሃሉን መጫን አይችልም፣ የትምህርት ቤቱ የስኪ ቀንም ሲወድቅ ሲነሣ ያልፋል።

ያገለገለ ስትገዙ ጸጉሩ ከእግር ሥር ተመልጦ እንደሆነ ዳስሱት። የጫማው ሶልም አንድ ሰፊ ቦይ ካለው ሁለት ቀጫጭን ቦይ ለሚፈልግ ማሰሪያ አይሆንም። የስኬቲንግ ስኪን (እግር ወደ ጎን እየተገፋ የሚኬድበትን) በክላሲክ ስም የሚሸጡም አሉ፤ አጠር ያለ፣ ጠንካራ፣ ጫፉ ብዙ ያልተቆለመመ ነው። ምንም ሰም ብትቀቡት በክላሲክ አካሄድ ዳገት አያወጣም።

ስዊድን ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የስፖርት ዕቃ ከሚያውሰው ከፍሪቲድስባንከን ለ14 ቀን በነጻ ተውሳችሁ ሞክሩ። ኖርዌይ ውስጥም ቡአ (BUA) የተባለው ተመሳሳይ ማዋሻ በነጻ ያውሳል። ወረቀቱን እዚያም ይዛችሁ ሂዱ።