ረጅም ሮኬት ለሚወዛወዝባችሁ የከርባል ተጫዋቾች፦ ይህን ሞድ ጫኑ፣ ሠሪውንም አመስግኑልን

ሮኬት ሠርተን ለምናስወነጭፍበት የቪዲዮ ጨዋታ፣ ለከርባል ስፔስ ፕሮግራም፣ «ከርባል ጆይንት ሪኢንፎርስመንት» የተባለውን ሞድ (በጨዋታው ላይ የሚጨመር ማሻሻያ) ለሠራው፣ ፌራም4 በሚል ስም ለሚታወቀው ሰው፦ እጅህ ይባረክ! ኮዱን ክፍት አድርጎ በነፃ ስለሰጠ እሱ ሲተወው ሌሎች ተቀብለው ቀጥለውታል። እነሱንም እግዜር ይስጥልን።

ምስጋናችን የበዛው ሌላ ቦታ የሚሰጠው ምክር ስለሚያንገበግብ ነው። «ሮኬቴ ይወዛወዛል» ላለ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ስትራት ጨምር» (ሁለት ክፍሎችን የሚያስር ማጠናከሪያ ዘንግ)። ከየት ወደ የት? ለምን? ማንም አይነግረውም። አንዱ ስትራት 50 ኪሎ ይመዝናል። 50 ከለጠፋችሁ 2.5 ቶን ተሸከማችሁ ማለት ነው፤ ሮኬቱ ግን አሁንም ይጎብጣል።

ጨዋታው ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የሚያያዘው ከአንድ ወላጅ ክፍል ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ ረጅም ሮኬት ማገር እንደሌለው ግድግዳ ነው፤ ከታች ሞተሩ ይገፋል፣ ከላይ ጭነቱ ይጫናል፣ መሃል ላይ ያለው መጋጠሚያ ይታጠፋል። ምሰሶ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሳይጎብጥ የሚችለው ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል የሚለው የኦይለር ሕግ እዚህም ይታያል። በሁለት ወፍራም ታንኮች መካከል ቀጭን ክፍል ከገባ ደግሞ የሚሰበረው እዚያ ነው። ከዚያ ኤስኤኤስ (ሮኬቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው አውቶማቲክ መሪ) የካፕሱሉን መንቀጥቀጥ አይቶ ሞተሩን ያዞራል፤ ማዞሩ መጉበጡን ያባብሰዋል።

ሞዱ መጋጠሚያዎቹን ያጠነክራል፣ ከዲካፕለር (ያለቀውን የሮኬት ክፍል ከሚያላቅቀው) በላይና በታች ያሉትን ክፍሎችም በቀጥታ እርስ በርስ ያያይዛል። ከሁሉ የምናደንቀው ግን ማስወንጨፊያው ላይ የሚያደርገውን ነው። ሮኬቱ ማስወንጨፊያው ላይ ብቅ ሲል ስበት በአንዴ ዱብ ስለሚልበት ሞተር ሳይነሳ የሚፈርስበት ጊዜ ነበር። ሞዱ ኃይሉን ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ይህን ያሰበ ሰው የተጫዋቹ ልፋት ገብቶታል። ጫኑት!

ኮንሶል ላይ ሆናችሁ ሞድ መጫን ካልቻላችሁ በእጅ ይሠራል። ቡስተር (ጎን ላይ የሚታሰር ረዳት ሮኬት) በአንድ ዲካፕለር ብቻ ሲንጠለጠል እንደ ማጠፊያ ይዞራል። ከቡስተሩ አናት ሁለት ስትራት ግራና ቀኝ አራርቃችሁ ወደ መሃለኛው ታንክ ሳቡ፤ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፣ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ጎኑ ካልተሰበረ ቅርጹ አይለወጥም። ከታች አንድ ይበቃል። መነሻው ሁልጊዜ ቡስተሩ ይሁን፦ ሲጣል የስትራቱም ክብደት አብሮ ይሄዳል። ለታንኮቹ በቅንብሩ ውስጥ «አድቫንስድ ትዊኬብልስ»ን አብሩና አውቶስትራትን (ጨዋታው ራሱ የሚያስረውን የማይታይ ስትራት) «ግራንድፓረንት» (የወላጅ ወላጅ ክፍል) ላይ አድርጉ። «ሄቪየስት» (ከሁሉ ከባዱ ክፍል) የሚለው ነዳጅ ሲያልቅ ከባዱ ክፍል ስለሚቀየር በበረራ መሃል ማሰሪያውን ያዛውረዋል። የቡስተር ሞተሮችን ጂምባል (የሞተሩን አፍ የሚያዞረውን) ዝጉ፣ የመሃለኛውን ወደ 30 ከመቶ አውርዱ።

አንድ ነገር ግን አትሳቱ፦ ሮኬቱ ሳይጎብጥ አየር ላይ የሚገለበጥ ከሆነ ችግሩ መጋጠሚያ አይደለም፤ ሞዱም አያድነውም። ግርጌው ላይ ክንፍ ጨምሩ፣ ክብደቱን ወደ አናት አምጡ።

ሞዱን ሲካን (CKAN) በተባለው የሞድ መጫኛ ፕሮግራም ላይ በስሙ ታገኙታላችሁ። «ኮንቲንዩድ» እና «ኔክስት» የሚሉ ተከታዮች አሉት፤ ከጨዋታችሁ ስሪት ጋር የሚሄደውን አንዱን ብቻ ምረጡ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትጭኑ። ከጫናችሁ በኋላ የድሮዎቹን ስትራቶች አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ሞክሩ፤ አብዛኞቹ አያስፈልጉም።