በፀሐይ የምትሞላዋ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ፦ ለእማዬ ገዛኋት፣ እኔን አስተኛችኝ

መጀመሪያ ዕቃዋን ላስተዋውቃችሁ። መዳፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን ናት። ጀርባዋ ላይ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ተለጥፏል፣ በጎኗ የድሮ ስልክ ቻርጀር ትቀበላለች፣ ጫፏ ላይ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የእጅ ባትሪ አላት። ውስጧ መጽሐፍ ቅዱስ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ በአማርኛ ተነቦ ተጭኗል። የሚነበበው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው ነባሩ ትርጉም ነው። ኢንተርኔት አትፈልግም፣ ሲም አትፈልግም። ዋጋዋ ከአንድ ደህና ጫማ ያነሰ ነው።

የገዛኋት ለእማዬ ነበር። እማዬ ግላኮማ አለባት፣ ዳዊቷን ማንበብ ካቃታት ቆይቷል። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ቤታችን ውስጥ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። መዝሙረ ዳዊትን ከፍቼ ሰጠኋት፣ ገና «ምስጉን ነው» ሲል ከአንባቢው ቀድማ ማለት ጀመረች። በቃ፣ ለዚያች ደቂቃ ብቻ እንኳን የከፈልኩት ገንዘብ ሀላል ነው አልኩ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ እማዬ ብቻ ብዬ አይደለም።

እኔ በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። ባለፈው ክረምት ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ስወርድ ዝናቡ ገና ማካፋት ጀምሮ ነበር፣ አንድ ሚኒባስ ምልክት ሳያሳይ ዞረብኝና ፍሬኑን ስይዝ ሞተሩ ተንሸራቶ ከሥሬ ወጣ፣ እኔ በጎኔ ወድቄ ጭንቅላቴ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ሄልሜቴ ከግራ ጆሮዬ በላይ ተሰነጠቀ። እኔ ትከሻዬን ተላልጬ፣ አንድ ጣቴን ሰብሬ ተነሣሁ። በሁለት ወር ሥራ ጀመርኩ።

አካሌ ዳነ፣ ሌሊቱ ግን አልዳነም። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ተኝቼ ስምንት ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ልክ እንደነቃሁ ሐሳብ ይመጣል። ሄልሜት ባታደርግ ኖሮስ? እማዬን ማን ይይዛት ነበር? ከዚያ እየከፋ ይሄዳል። እግዚአብሔር እየቀጣህ ነው። ያንን ኃጢአትህን አልረሳውም። የዳንክ መሰለህ እንጂ አልዳንክም። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የባሰ ነበር፣ ምክንያቱም በቀን ብርሃን ብትጠይቁኝ አጥርቼ የምመልሰውን ነገር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መመለስ ያቅተኛል። ይህን የደረሰበት ሰው ያውቀዋል።

አንድ ማታ እማዬ ስትተኛ ሣጥኗን ወሰድኩና ትራሴ ሥር አደረግኋት። ኤፌሶን ስድስት ላይ ከፈትኩ። «የመዳንንም ራስ ቁር የመንፈስንም ሰይፍ ያዙ» ሲል ሰማሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ጥቅስ ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት በካርቶን ቁር ሠርተን አድርገን ነበር። ያን ሌሊት ግን አላለፈኝም።

በማግስቱ መብራት ጠፍቶ በሣጥኗ ባትሪ ተቀምጠን ሳለ ያንኑ ምዕራፍ ለእማዬ ከፈትኩላት።

«ልጄ፣ ራስ ቁር ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሄልሜት ነው እማዬ። የጦረኛ ሄልሜት።»

«እንዳንተው ያለ?»

ተነሥቼ የተሰነጠቀውን ከበሩ ኋላ አወረድኩና እጇ ላይ አስቀመጥኩት። በጣቷ እየዳሰሰች ስንጥቁን አገኘችው። ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። ከዚያ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ፎሙን ነካች፣ በዚያ በኩል ተጨፍልቆ ጎድጉዷል።

«እዚህ ጋ ነው የመታህ?»

«እዚህ ጋ ነው።»

«አንተ ጋ ግን አልደረሰም።»

«አልደረሰም እማዬ።»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ስለ መዳን ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ማታ ግን ገብቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን መከታተል ጀመርኩ። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ እስረኛ ነው፣ እዚያው ምዕራፍ ላይ «በሰንሰለት መልእክተኛ የሆንሁ» ይላል። የሮማ ወታደር በየቀኑ ያይ ነበር ማለት ነው። የወታደሩ ቁር ከነሐስ ወይም ከብረት የተሠራ ሆኖ ጉንጭና ማጅራት የሚከልል፣ ከአገጭ ሥር የሚታሰር ነበር። እኛ ሞተረኞች ማሰሪያውን ሳይቆልፉ ሄልሜት አናታቸው ላይ ጣል አድርገው የሚሄዱ ልጆችን በየቀኑ እናያለን፣ ሲወድቁ መጀመሪያ የሚበረው ሄልሜቱ ነው። መዳንን እሁድ እሁድ አናቴ ላይ ጣል አድርጌ እሄድ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ሌላም አለ። በአማርኛው «ያዙ» የተባለው በግሪኩ «ተቀበሉ» የሚል ቃል ነው። ሰው የሚሰጥህን ዕቃ እንደምትቀበለው። በኢሳይያስ 59 ላይ ደግሞ ይህን ቁር ያደረገው እግዚአብሔር ራሱ ነው፣ «በራሱም ላይ የማዳንን ራስ ቁር አደረገ» ይላል። እንግዲህ ጳውሎስ ተቀበሉ የሚለን የእግዚአብሔርን የራሱን ቁር ነው! ይህን ሳስብ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለሚመጣው ሐሳብ መልስ አገኘሁ። «የዳንክ መሰለህ» ሲለኝ ስለ ራሴ መከራከር አቆምኩ። እኔ አልሠራሁትም፣ ተሰጠኝ። እዚያው ኤፌሶን ሁለት ላይ «የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ይላል። ስሜቴ ጥሩ የሆነ ቀንም፣ ያልሆነ ቀንም ያው ነው።

አልዋሽም፣ ሐሳቡ መምጣት አላቆመም። ሄልሜትም ድንጋዩን ከመንገድ አያነሣም። ምቱ ይሰማል፣ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል፣ ውስጥ ግን አይገባም። አሁንም አንዳንድ ሌሊት እነቃለሁ። ግን ተነሥቼ እስኪነጋ ቤት ውስጥ መዞር ትቻለሁ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን የሚያነብ እንደኔ የተቸገረ ሰው ይኖራል። በዚያ ሰሞን አንድ የጸሎት ኅብረት ላይ ጭንቀቴን ስናገር አንድ ወንድም «እምነት ቢኖርህ አትፈራም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለማንም ሳልናገር ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ተሳስቷል። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ካወረደ በኋላ ክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ «ነፍሴን ውሰድ» ብሏል፣ መልአኩም አልገሠጸውም፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ደግሞ እንዲተኛ ተወው። በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የታወቀ ነገር እንደሆነ ነገረችኝ፣ ክትትል ጀመርኩ፣ ጠቅሞኛል። የመዳን ራስ ቁር ያደረገ ሰው ሐኪም ቤት መሄድ አያሳፍረውም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለሚቀርባችሁ ሰው ንገሩ፣ አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ የሚቀርባችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ጸሎቱንም አትተዉ።

ወደ ሣጥኗ ልመለስ፣ ችግሮቿም አሏት።

የፀሐይ መሙያዋ በበጋ ጥሩ ነው፣ ረፋድ ላይ መስኮት ጋ ካስቀመጥኳት ማታውን በደንብ ታስኬዳለች። በክረምት ግን አትመኩባት፣ በቻርጀር ሙሏት። የምዕራፍ መቀየሪያው ቁልፍና የመጽሐፍ መቀየሪያው ተጠጋግተዋል፣ እማዬ አንዱን ፈልጋ ሌላውን እየነካች ከመዝሙር ወደ ምሳሌ ትሄዳለች። የመጽሐፍ መቀየሪያው ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩበትና በዳበሳ ትለየዋለች። አንድን ቁጥር ለብቻው መደጋገም አይቻልም። ከንባቡ ጋር የሚሰማው ሙዚቃም አንዳንድ ቦታ ድምፁን ይሸፍነዋል፣ በተለይ ነቢያት ላይ።

ለኦርቶዶክስ ወገኖቼ የምነግራችሁ፣ ያለው 66ቱ መጽሐፍ ብቻ ነው። እማዬ ሲራክን ክፈትልኝ ብላኝ አጥቼ አፍሬያለሁ። 81ዱን የምትፈልጉ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ። ይህ ለእኔ ትልቁ ጉድለቷ ነው።

ሌላው፣ በሰዓት የሚያጠፋ ነገር የላትም። እንቅልፍ ከወሰዳችሁ እሷ ባትሪዋ እስኪያልቅ ታነባለች። መጀመሪያ በጣም ያናድደኝ ነበር። በኋላ ግን አንድ ሌሊት ኤፌሶን ስድስትን ከፍቼ ተኛሁና ከአንድ ሰዓት በታች ቆይቼ ስነቃ ፊልጵስዩስና ቆላስይስ አልፈው አንደኛ ተሰሎንቄ አምስት ላይ ደርሳለች። «የመዳንንም ተስፋ እንደ ራስ ቁር እየለበስን በመጠን እንኑር» ይላል ሰውየው በጨለማው። ያው ቁር፣ እዚህ ጋ ግን ተስፋ ተብሏል። ገና የሚመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ጳውሎስ ይህን የጻፈው የሞቱባቸው ሰዎች ያሉባቸውና ሐዘን ላይ ላሉ ምእመናን ነው፣ እኔም በዚያው ዓመት በዚያው መንገድ የሥራ ባልደረባዬን ቀብሬያለሁ። ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጥሩ ልቅሶ ነበር። ከዚያ ተኛሁ፣ ያነቃኝ የእማዬ ድምፅ ነው።

ስለዚህ ግዙ ወይስ አትግዙ? ዐይኑ የደከመ ወላጅ ያለው፣ ማንበብ የማይችል ዘመድ ያለው፣ ሌሊት ስልክ ከነካ እስኪነጋ የማይለቀው ሰው ይግዛት። ስልኩ ላይ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ ያለውና ለመተኛት የማይቸገር ሰው አያስፈልገውም፣ ገንዘቡን ለሌላ ያድርገው። ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ ስሙ፣ የእኔ የመጀመሪያዋ ድምፅ ማጉያዋ ይንጫጫ ነበርና ያለ ጭቅጭቅ ቀይረውልኛል።

እኔ ለራሴ ሁለተኛ ልገዛ ነው። እማዬ በቀደም ማታ ሣጥኗን ላነሣ ስል እጄን ያዘችኝና «ዛሬስ እኔ ጋ ትደር፣ አንተ ሄልሜትህን አድርገሃል» አለችኝ።