የሐይቅ ዳር ሽርሽር ከህፃን ጋር፦ የምግብ መያዣ ስብስቡ ያዋጣል ወይ?

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከገላን ተነስቶ ቅዳሜን ቢሾፍቱ ለማሳለፍ መንገዱ ቅርብ ነው። ጀልባ ላይ መንሸራሸሩም ቀላል ነው። የሚከብደው ህፃን ይዞ መውጣት ነው። ለዚህ ተብሎ በየሰፈሩ የህፃናት ዕቃ መሸጫ የሚቀርብ ስብስብ አለ፤ አንድ ሊትር የሚይዝ የብረት ፔርሙስ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ትንሽ የምግብ ፔርሙስ፣ ባለ ሦስት ክፍል የዱቄት ወተት መያዣ፣ ሁለት ጡጦ እና ውስጡ ብርማ የሆነ ቅዝቃዜ የሚይዝ ቦርሳ። ይህ ግምገማ ዕድሜው ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሆነ ልጅ ላላቸው ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ከአምስቱ ገንዘብ የሚገባው ትልቁ ፔርሙስ ነው። የዱቄት መያዣው ጥሩ ነው፣ ቦርሳው እንደ አያያዙ ነው፣ ጡጦዎቹ መካከለኛ ናቸው። ትንሹን የምግብ ፔርሙስ ግን ለዚህ ዕድሜ አንመክረውም። ሻጩ ነጣጥሎ የሚሸጥ ከሆነ ፔርሙሱንና የዱቄት መያዣውን ብቻ ውሰዱ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የህፃን ምግብ ችግር የሚጀምረው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ደረቅ የዱቄት ወተት፣ የፈላ ውሃ፣ ልጣጩ ያልተነሳ ሙዝ ለየብቻቸው ሲሆኑ ቀኑን ሙሉ ይቆያሉ። ከተቀላቀሉ ወይም ከተፈጩ በኋላ ግን ሰዓት ይቆጠርባቸዋል። ስለዚህ ምግቡ ቤት ተሠርቶ ሳይሆን ሐይቁ ዳር ተሠርቶ ቢበላ ይሻላል፤ የሚያዘው ዕቃም ለዚህ የሚያመች መሆን አለበት።

ከፔርሙሱ እንጀምር። የዱቄት ወተት ቆርቆሮው ቢታሸግም ከጀርም ነፃ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባለው ባክቴሪያ በዱቄቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ለጨቅላ ህፃን ደግሞ አደገኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ከ70 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ዱቄቱ ይበጥበጥ የሚለው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ከፍታ ይገባበታል። አዲስ አበባና ዳርቻዋ ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማለትም ፔርሙሱ ሥራውን የሚጀምረው 8 ዲግሪ ጎድሎበት ነው። ሳጥኑ ላይ «12 ሰዓት ትኩስ» የሚለው ጽሑፍ ባህር ዳርቻ ላለ አገር እንጂ ለእኛ አይሠራም።

ጉድለቱን ማካካስ ይቻላል። መጀመሪያ ፔርሙሱን በፈላ ውሃ ሞልታችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዘግታችሁ አቆዩት፤ ከዚያ ደፍታችሁ ሌላ እየተንፈቀፈቀ ያለ ውሃ እስከ አንገቱ ሙሉ። ይህ ካልተደረገ ቀዝቃዛው የብረት ግድግዳ የመጀመሪያውን ሙቀት ራሱ ይጠጣዋል። ጎደሎ ፔርሙስ ከሙሉው በጣም ቶሎ ይበርዳል፤ ስለዚህ በከፈታችሁት ቁጥር የሚያስፈልገውን ቀድታችሁ ወዲያው ዝጉ። በዚህ አያያዝ ጥሩ የብረት ፔርሙስ እስከ 6 ሰዓት ያህል ያስተማምናል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የሞላችሁትን ውሃ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል በኋላ ለወተት አትመኑት። ከምሳ በኋላ ከካፌ ወይም ቡና ከምታፈላው እናት ዓይናችሁ እያየ የሚፈላ ውሃ ጠይቁና እንደገና ሙሉ። አንድ ብር የማያስከፍሉ ብዙ ናቸው።

መጠኑ ይበቃል ወይ? የ7 ወር ልጅ በአንድ ጊዜ ከ180 እስከ 210 ሚሊ ሊትር ወተት ሊጠጣ ይችላል። ሦስት ጊዜ ከጠጣ ወደ 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ለአንድ ጊዜ ሴሪያል 150 ሚሊ ሊትር ጨምሩበት። ማንኪያ ለማለቅለቅ ትንሽ ሲተርፍ ሊትሩ አለቀ ማለት ነው። የግማሽ ሊትሩ ፔርሙስ ለቦርሳ ቢቀልም አይበቃም።

ክዳኑን እዩ። ከላይ ተጭኖ የሚቀዳው ዓይነት ለቤት ምቹ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ግን ቁልፉ በሌላ ዕቃ ይጫንና ትኩስ ውሃ ያፈሳል። ውሃው የሚያልፍበት ጠባብ ቦይም በብሩሽ አይደረስም። የምንመርጠው ዙሮ የሚከፈተውን ነው። ውስጡ መስታወት የሆነው የድሮው ፔርሙስ ሙቀት በመያዝ አይታማም፤ ለመንገድ ግን አይሆንም። ከወደቀ ወይም ከተጋጨ ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ይሰነጠቃል። ስታወዛውዙት ሲንሿሿ ከሰማችሁ ለማንም አትቅዱበት። የቡና ፔርሙስንም ለህፃን ውሃ አታድርጉ፤ ጠረኑ ከላስቲኩ አይለቅም፣ ልጁም ወተቱን እንቢ ይላል።

የገዛችሁት ፔርሙስ ደህና መሆኑን ለማወቅ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ ዝጉትና ከ10 ደቂቃ በኋላ ሆዱን በመዳፍ ዳብሱ። ክዳኑ አካባቢ ለብ ቢል ችግር የለውም። ሆዱ ወይም ታችኛው ክፍል ከሞቀ ግን በሁለቱ ግድግዳ መካከል አየር ገብቷል፤ በዚያው ቀን መልሱት።

የዱቄት መያዣው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሐይቅ ዳር ግን ዋጋው ይታወቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከቆርቆሮ በማንኪያ መስፈር አይቻልም፤ ግማሹ ልብስ ላይ ይበተናል። ቤት ሆናችሁ ለእያንዳንዱ መጠጫ የሚሆነውን ማንኪያ ቆጥራችሁ፣ በቢላ ጀርባ ደልድላችሁ በየክፍሉ አድርጉ። ማንኪያው የራሱ የቆርቆሮው ይሁን፤ አንዱ ድርጅት አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ሲል ሌላው ለ60 ይላል። ክፍሎቹ ፍጹም ደረቅ መሆን አለባቸው። ታጥቦ ሳይደርቅ የተሞላ መያዣ ዱቄቱን ያጓጉለዋል፤ የጓጎለው ግድግዳ ላይ ስለሚቀር ወተቱ ሳይታወቅ ይቀጥናል። የስብስቡ መያዣ አንድ ጉድለት አለው፤ አፉ ለጠባብ ጡጦ ሰፊ ነው። ንጹሕ ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልሎ ዱቄቱን በእሱ ማስገባት ይረዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። መጀመሪያ ትኩሱ ውሃ ጡጦው ላይ እስከ ልኩ መስመር ይቀዳል፣ ዱቄቱ ከዚያ በኋላ ይገባል። ዱቄቱ ከቀደመ ውሃው ልኩን ስለማያሟላ ወተቱ ይወፍራል፣ የልጁንም ሆድ ያደርቃል። ተዘግቶ ይናጣል። ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ የሃይላንድ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቁሙት፤ ውሃው ከጡጦው አንገት በታች ይሁን። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ ልጁ ማልቀስ ሳይጀምር ጀምሩት። ለማቀዝቀዝ ብሎ ያልፈላ ውሃ መጨመር ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። በእጅ አንጓ ላይ ጠብ ሲደረግ ትኩስነቱ ካልተሰማ ደርሷል። ከተበጠበጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፤ ልጁ አፉን አድርጎበት የተረፈው ይደፋ።

አሁን ወደማንመክረው ዕቃ እንምጣ። የምግብ ፔርሙሱ ገንፎ ለመያዝ ተብሎ ይሸጣል፤ አብዛኛው እናትም ስብስቡን የምትገዛው ለእሱ ብላ ነው። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ዕቃ፣ ያውም አፉ ሰፊ፣ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። የምጥን ገንፎ ደግሞ ለህፃን ተብሎ በረድ ተደርጎ ነው የሚሞላው። ስለዚህ ምግቡ ገና ከቤት ሳይወጣ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዷል። ከ60 በላይ ያለ ምግብ ላይ ጀርም አይራባም፤ ከ5 በታች ባለው ላይም እጅግ ይዘገያል። በመካከል ያለው ለብታ ግን ለጀርም የተመቸ ነው፤ ፔርሙሱ ያንን ለብታ ለሰዓታት ጠብቆ ያቆይለታል። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ በእህል ላይ ይኖራል፣ ማብሰልም አያጠፋውም፤ በለብታ ውስጥ ሲነቃ ማስታወክና ተቅማጥ ያመጣል። ሽታውም ሆነ ጣዕሙ ስለማይለወጥ ቀምሶ ማወቅ አይቻልም። ሌላም አለ፤ ገንፎ ተዘግቶ ሲቆይ ይጠነክራል፣ ልጁን ያንቀዋል፣ ለማቅጠን ሲባል ደግሞ ያገኙት ውሃ ይጨመርበታል።

በእሱ ፋንታ በፈላ ውሃ ብቻ የሚበጠበጥ የታሸገ ሴሪያል በደረቁ ያዙ። ቤት የተፈጨ ምጥን እሳት ላይ መብሰል አለበት፤ በፔርሙስ ውሃ በጥብጦ መስጠት አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ግን በልጣጩ የሚሄድ ምግብ ነው። አንድ ሙዝ፣ በጣት ሲጫኑት እሺ የሚል የበሰለ አቮካዶ፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች፣ ጠንክሮ የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ። አቮካዶውን ሙሉውን ያዙትና እዚያው ቁረጡት፤ ቤት ተፈጭቶ ከሄደ ይጠቁራል። ድንቹና እንቁላሉ ቀዝቃዛው ቦርሳ ውስጥ ይግቡ። ሹካና ትንሽ ሳህን ካለ ወፍጮ አያስፈልግም። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ልጅ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ተጀምሮ እስከ ግማሽ ስኒ፤ ከ9 እስከ 11 ወር ግማሽ ስኒ ያህል በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፤ ከዓመት በኋላ ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ስኒ ይበላል። ስኒ ስንል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የሻይ ኩባያ እንጂ የቡና ሲኒ ማለታችን አይደለም። ማጣፈጫ ተብሎ ማር አይጨመር፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ጡት የሚጠባ ልጅ ካላችሁ ከዚህ ሁሉ ግማሹ ቀረላችሁ። እናትየዋ በቂ ውሃ ትያዝ፣ ነጠላም ትደርብ፤ ሌላ ዕቃ አያሻትም። 6 ወር ላልሞላው ሙቀቱ ቢበረታ እንኳ ውሃ አይሰጠውም፤ ደጋግሞ ይጥባ።

ቦርሳው ታልቦ ለተያዘ የጡት ወተት ይጠቅማል። በራሱ ግን አያቀዘቅዝም፤ ያለ በረዶ ብርማው ጨርቅ ምንም አያደርግም። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ በጎኑ አስተኙት። ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ሙሉ ከሆነ ይፈነዳል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ሐሙስ ማታ ጀምሩ። ሁለት እንዲህ ያለ በረዶ ከግራና ከቀኝ፣ ወተቱ በመሃል፣ ባዶው ቦታ በፎጣ ይሞላ። በረዶው ሳይቀልጥ የታለበ ወተት እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ያለ በረዶ በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት ብቻ ነው። የስብስቡ ቦርሳ ድክመት ዚፑ ነው፤ በጥርሶቹ በኩል ቅዝቃዜው ይወጣል፤ ፎጣ ከላይ ማልበስ ይረዳል።

ጡጦዎቹ ታች 5 ቁጥር ካላቸው ፕላስቲኩ ደህና ነው። አፋቸው ጠባብ ስለሆነ ብሩሽ በደንብ አያዞሩም። ለእያንዳንዱ መጠጫ አንድ የተቀቀለ ጡጦ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ አንድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ አይበቁም። በማንኪያ ወይም በትንሽ ኩባያ መጠጣት የለመደ ልጅ ካላችሁ ኩባያውን ያዙ፤ ማጠቡ ቀላል ነው።

ጀልባው ላይ ፔርሙሱ አይውጣ። ማዕበል ባይኖር እንኳ ሰው ሲነሳና ሲቀመጥ ጀልባው ይዘነብላል፤ 80 ዲግሪ ውሃ ህፃን ላይ ከፈሰሰ ጉዳቱ ከባድ ነው። ከመሳፈር ግማሽ ሰዓት በፊት አብሉት፣ አስገሱት፣ ከዚያ ውጡ። የሕይወት አድን ሰደርያው የህፃን መሆን አለበት፤ እስከ 13 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የተሠራ፣ ጭንቅላት የሚደግፍ ኮሌታና በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው። በትከሻው ይዛችሁ ስታነሱት ሰደርያው ወደ ጆሮው ከተንሸራተተ ሰፍቶታል። የአዋቂ ሰደርያ አጥብቆ ማሰር መፍትሔ አይሆንም። በልኩ ከሌለ ልጁ ዳር ላይ ይቆይ። አንቀልባም ማዘያም ጀልባ ላይ አይታሰርም፤ ውሃ ውስጥ ቢወደቅ ልጁ ከአዋቂው ጋር ይሰጥማል። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ከዳር ጥቂት እንደራቁ ጥልቅ ናቸው።

በቦርሳው ቀሪ ክፍል ለየ2 ሰዓቱ ተኩል አንድ ዳይፐርና 2 ትርፍ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ዙሪያው ሰፊ ባርኔጣ፣ ከሰዓት ለሚመጣው ነፋስ ወፍራም ፎጣ፣ ቁራጭ ሳሙና እና ክዳኑ በመርፌ የተበሳ የእጅ መታጠቢያ ሃይላንድ ይግባ። አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስም አይጠፋ፤ የአንድ ሊትሩ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንጂ በጡጦ ተከፋፍሎ አይበጠበጥም።

ማታ ስትመለሱ የፔርሙሱን ክዳን ፈታታችሁ ክቡን ላስቲክ በማንኪያ እጀታ አውጡትና ለብቻው እጠቡት። ከሥሩ የሚጠራቀመው ነጭ ሽፋን የሚቀጥለውን ሳምንት ውሃ የሚያሸተው እሱ ነው። ከዚያ ክዳኑ ሳይገጠም ተደፍቶ ይደር።