ለድሬ ሙቀት የትኛው ሰርቨር ፕሮሰሰር ያዋጣል?

ሰርቨር ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኮር አለው?» ብሎ ነው፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ሥራ የሚሠራ ክፍል ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን መቅደም ያለበት «ስንት ዋት ይበላል?» የሚለው ነው። ፕሮሰሰሩ የሚበላው መብራት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣላ። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ በዩፒኤስ ይቀጥላል፤ ኤሲው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዩፒኤስ ላይ የለም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ከዚራ ሰፈር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ለዚያውም በግንቦት፣ ምን እንደምትሆን አስቡት። የማራገቢያው ጩኸት ኮሪደር ድረስ ይሰማል። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከዚያ ካሸሯ «ሲስተም የለም» ትላለች።

ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር)፣ የፋይል ማከማቻና ሁለት ሦስት ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ) ለሚያሠራ ድርጅት ፉክክሩ በኢንቴል ዚዮን ኢ-2400 እና በኤኤምዲ ኤፒክ 4004 መካከል ነው። የኢንቴሉ እስከ 8 ኮርና 128 ጊጋ ራም ይሄዳል። የኤኤምዲው እስከ 16 ኮርና 192 ጊጋ። ሁለቱም ስህተት የሚያርመውን ኢሲሲ ራም ይቀበላሉ፤ በአንድ ኮር ፍጥነትም ተቀራራቢ ናቸው። በዋት ግን ይለያያሉ። ባለ 8 ኮሩ ዚዮን ኢ-2488 95 ዋት ተብሎ ሲመዘገብ፣ ባለ 12 ኮሩ ኤፒክ 4464ፒ 65 ዋት ነው።

ላይሰንሱም ወደ ኤኤምዲው ያደላል። ዊንዶውስ ሰርቨር ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ የ16 ኮር ላይሰንስ ያስከፍላል። 8 ኮር ቢኖራችሁም የምትከፍሉት የ16 ነው። ስለዚህ ባለ 12 ወይም ባለ 16 ኮሩን ብትወስዱ ላይሰንሱ ላይ ሳንቲም አይጨምርም። ኤስኪውኤል ሰርቨርን (የማይክሮሶፍትን የዳታቤዝ ሶፍትዌር) በኮር ለሚገዛ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚያዋጣው ጥቂትና ፈጣን ኮር ነው። እኔ ብሆን ለመደበኛ ቢሮ 4464ፒን እወስዳለሁ።

ያገለገለውስ? በዋጋው ያጓጓል። ሁለት ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ያለው ሰርቨር 28 ኮር ይሰጣችኋል፤ ወሬው ላይ ያምራል። ፕሮሰሰሩ ግን የ2016 ነው። እያንዳንዱ 120 ዋት ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 240። የዊንዶውስ ላይሰንሱም 16 መሆኑ ቀርቶ 28 ይሆናል። «የምን ላይሰንስ አቦ!» ብሎ የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ። ኦዲተር የሚመጣበት መሥሪያ ቤት ግን አይስቅም። ሊኑክስ ለሚጠቀም፣ ወይም ማታ ማታ ባክአፕ ብቻ ለሚያወርድበት ሰው አሮጌው አሁንም ሥራውን ይሠራል።

ሥራው ሰፋ ላለ፣ ለምሳሌ ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት ወይም ነጻ የንግድ ቀጠና ውስጥ ለሚሠራ ሎጂስቲክስ ኩባንያ፣ ብዙ ሰው የማያነሳው ኤፒክ 8004 አለ። በ2023 የወጣ ነው። ከ8 እስከ 64 ኮር አለው፤ ባለ 64 ኮሩ 8534ፒ እንኳ 200 ዋት ነው። ራም በ6 ቻናል (የመረጃ መስመር) ስለሚቀበል ቨርቹዋል ማሽን መደርደር አያስጨንቀውም። ጉድለቱ በአንድ ሰርቨር አንድ ብቻ መሆኑና የአንዱ ኮር ፍጥነት ከትንንሾቹ ማነሱ ነው። ለድሬ ግን ልክ ነው።

ትልልቆቹ፣ ማለትም የ2024ቶቹ ዚዮን 6 እና ኤፒክ 9005፣ የዳታ ሴንተር ዕቃ ናቸው። አናት ላይ ያሉት በአንድ ፕሮሰሰር 500 ዋት ይደርሳሉ። ሁለት ኤሲና በጄኔሬተር የተደገፈ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ባያያቸው ይሻላል።

ፕሮፎርማ ስታስወጡ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን አስጽፉ። «ዚዮን፣ 8 ኮር» ብሎ የሚያልፍ ፕሮፎርማ የ2016ንም የ2023ንም ሊሆን ይችላል።