ጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ ለምትሠራው የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በሕክምናው ሙያ ያለን ሰዎች ሂርማታ አካባቢ በግል ላብራቶሪ የምትሠራውን እህታችንን በአደባባይ ማመስገን እንወዳለን። ውጤቱን በወረቀት ሰጥታ ብቻ አትሸኝም፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ታስረዳለች። መድኃኒት ግን አታዝም፤ «ይህን ለሐኪምዎ ያሳዩ» ብላ ትመልሳለች። ይህን በተለይ እናከብርላታለን።

ብዙ ሰው የሚቀላቅለው ደም ማነስንና የግፊት መውረድን ነው። ብድግ ሲል ዓይኑ የሚጨልምበት ሁሉ «ደም አንሶኛል» ይላል። ግፊት በክንድ መለኪያ ይታወቃል፤ ደም ማነስ ግን የሚታወቀው በሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ንጥረ ነገር ልክ ነው። «ደም ብዛት» የምንለውም የግፊት መጨመር እንጂ የደም መብዛት አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው፣ በተለይ ኩላሊቱ የተጎዳ፣ ደም ብዛትም ደም ማነስም አብረው ሊኖሩበት ይችላሉ። «ደሜ በዝቷል» ብሎ የታዘዘለትን የአይረን ክኒን የሚያቆም ሰው የሚጎዳው ይህን ባለማወቅ ነው።

የሲቢሲ (አጠቃላይ የደም ሴሎች ምርመራ) ወረቀት ላይ መጀመሪያ የምታሳየው ሄሞግሎቢንን ነው። ደም ማነስ የሚባለው ለወንድ ከ13፣ ለሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር ሲያንስ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ወሰኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ኤምሲቪ፣ ማለትም የቀይ የደም ሴሎች አማካይ ትልቅነት አለ። ከ80 በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአይረን እጥረት ይጠረጠራል፤ ከ100 በላይ ከሆነ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት (ሌላው የቢ ቫይታሚን) እጥረት። የአይረን እጥረት ምክንያቱ ብዙ ነው፦ የወር አበባ መብዛት፣ እርግዝና፣ የጨጓራ መድማት፣ መንጠቆ ትል። ምክንያቱ ሳይፈለግ ክኒን ብቻ መዋጥ ችግሩን አይነቅልም። ክኒኑን ደግሞ ከቡና ወይም ከሻይ ጋር መውሰድ አይረኑ በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል፤ ቢያንስ 1 ሰዓት መራቅ አለበት። በቡና አገር ይህ ምክር ቀላል አይደለም፤ ግን ሳትሰለች ትናገረዋለች። ክኒኑ ሰገራን ማጥቆሩንም አስቀድማ ትነግራለች፤ ሰው ደንግጦ እንዳያቆም።

ናሙና አወሳሰዷም ያስመሰግናታል። የሲቢሲ ደም ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ሲቀዳ ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ በእርጋታ መገልበጥ አለበት። ካልተገለበጠ ደሙ ይረጋል፤ ማሽኑም ፕሌትሌት (ደም መፍሰስን የሚያቆሙ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ሳይቀንስ «ቀንሷል» ብሎ ያወጣል፤ ሰውም በከንቱ ይሸበራል። በኃይል ከተናጠ ደግሞ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ፕሌትሌት ያልጠበቀችው ዝቅታ ሲያሳይ መጀመሪያ ቱቦውን ትፈትሻለች፣ ስላይድ ሠርታ በማይክሮስኮፕ ታያለች፤ ካስፈለገ ደም ደግማ ትቀዳለች።

ፈቃዷን ስላልጠየቅን ስሟን አልጻፍንም፤ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ስትሄዱ የቀድሞ ውጤታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። ሄሞግሎቢኑ 9 የነበረ ሰው አሁን 10.5 ቢወጣለት ወረቀቱ «ዝቅተኛ» ማለቱ አይቀርም፤ ሕክምናው እየሠራ መሆኑ የሚታወቀው ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።